ንብ ስንት ጊዜ ትኖራለች? መልሱ ያለው በተወለደችበት ወር ላይ ነው

መስከረም ጠብቶ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ሲያለብሰው፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ደጅ የወጡ አያት ከጥያቄ አያመልጡም። ሕፃኑ አበባ ላይ ያረፈችውን ንብ እያየ «እማማ፣ ይቺ ንብ ስንት ዓመት ትኖራለች?» ይላል። ብዙዎቻችን በግምት አንድ ነገር ብለን እናልፋለን። አንዱ አንድ ዓመት ይላል፣ ሌላው ሁለት።

እውነተኛው መልስ ግን ከዚህ የተለየና የሚያስገርም ነው። አበባ በሞላበት ወቅት የተወለደች ሠራተኛ ንብ ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በላይ እምብዛም አትኖርም። በብርዳማ አገሮች የአበባው ጊዜ ሲያበቃ የተወለደች እህቷ ግን ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትኖራለች። እናታቸው አንድ ናት፤ ቤታቸውም አንድ ነው፤ በዘርም አይለያዩም። የአንዷን ዕድሜ ከሌላዋ አራትና አምስት እጥፍ ያስረዘመው የተወለደችበት ወቅትና ወቅቱ የጣለባት ሥራ ነው።

ሳይንቲስቶች ይህን ልዩነት ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩ ቆይተዋል። ያገኙት ነገር ጓሮው ውስጥ ቀፎ ለሰቀለ ገበሬም፣ ማር ገዝቶ ለሚበላ ከተሜም፣ «የእኔ ጊዜ አለፈ» ብለው ጥግ ለያዙ አያትም የሚሆን ትምህርት አለው።

አውራዋ እናት ናት

መሪ ያጣ ሕዝብ ስናይ «አውራ እንደሌለው ንብ ሆኑ» እንላለን። አባባሉ አውራውን ወንድ ያስመስለዋል እንጂ የቀፎው አውራ ሴት ናት፤ የቤቱ ሁሉ እናት። በአበባ ወቅት በቀን ከአንድ ሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ዕድሜዋም በዓመታት ይቆጠራል። ድንጉላ የሚባሉት ወንዶቹ ጥቂት ናቸው፤ ዋና ሥራቸው አውራዋን ማጥቃት ነው። የቀረው ሁሉ ሴት ሠራተኛ ነው። በአንድ ጠንካራ ቀፎ ውስጥ እነዚህ ሠራተኞች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ።

ሠራተኛዋ ንብ የምትሠራው ዕድሜዋ በሚፈቅደው ተራ ነው። ከእንቁላል እስክትፈለፈልና ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። ከወጣች በኋላ መጀመሪያ የተወለደችበትን ጉድጓድ ታጸዳለች። ቀጥሎ ሞግዚት ትሆናለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ካለ ዕጢ ወተት መሰል ምግብ እያመነጨች ትንንሾቹን እጮች ታጎርሳለች። ከዚያ ሰም ትሠራለች፤ ማር ታከማቻለች፤ በር ትጠብቃለች። ሦስት ሳምንት ሲሞላት ግን ከቤት ወጥታ ቀሳሚ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ የሚለካው በቀናት ነው፤ ብዙዎቹ ቀሳሚዎች አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ቆይተው ይሞታሉ።

ለምን? ወፍ ስለበላቻቸው፣ ዝናብ ስለመታቸው ወይም መንገድ ስለጠፋባቸው የሚሞቱ አሉ። ከዚህ ሁሉ የተረፉትንም ግን ውስጣቸው ያለ ነገር ይጥላቸዋል።

የምድጃው ፍንጣሪ

ከሰል ሲቀጣጠል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እሳቱ ሙቀት ይሰጣል፤ ድስቱን ያፈላል። ነገር ግን ፍንጣሪም ይወረውራል። ፍንጣሪው ነጠላ ላይ ካረፈ ይበሳዋል። አንድ ቀዳዳ ምንም አይደለም። በየቀኑ አንድ አንድ ቢበሳ ግን ነጠላው ወንፊት ይሆናል።

በሰውም ሆነ በንብ ሰውነት ውስጥ እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ምግብን በኦክሲጅን እያነደደ ጉልበት ያወጣል። ከዚህ ማንደጃ የሚያመልጡ ፍንጣሪዎች አሉ፤ ሳይንሱ «ፍሪ ራዲካል» ይላቸዋል። እነዚህ በአካባቢያቸው ያገኙትን ስብ፣ ፕሮቲንና የዘር ቅንጣት ይጎዳሉ። ሰውነት ዝም ብሎ አያያቸውም። ፍንጣሪውን የሚያጠፉ «አንቲኦክሲዳንት» የሚባሉ ጠባቂዎች አሉት፤ ከፊሉን ራሱ ይሠራል፤ ከፊሉን ከምግብ ያገኛል። ፍንጣሪው ከጠባቂዎቹ አቅም በላይ ሲሆን የሚፈጠረው ጉዳት «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» ይባላል። ብረትን የሚያዝገው ይኸው ኦክሲጅን መሆኑን ካስታወስን «የሕዋስ ዝገት» ብንለው ብዙም አንስትም። ለእርጅና ምክንያት ናቸው ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ቀሳሚዋ እንመለስ። ንብ ስትበር ክንፏን በሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ታርገበግባለች። የበረራ ጡንቻዋ የሚያነደው ጉልበት ቁጭ ካለችበት ጊዜ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ምድጃው ቀኑን ሙሉ ይነዳል ማለት ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት አንዲት ቀሳሚ በጠቅላላው 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከበረረች በኋላ ጡንቻዋ ይደክማል፤ ዕድሜዋም ያበቃል። ይህ በመኪና መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ እንደ መሄድ ነው። በዚህ ሁሉ ድካም በዕድሜዋ የምታስገኘው ማር የሻይ ማንኪያ አሥራ ሁለተኛ ያህል ነው። እንጀራ ላይ የምናፈሰው አንድ ማንኪያ ማር የብዙ ንቦች የዕድሜ ልክ ድካም ነው።

ሞግዚቷ የያዘችው ጋሻ

በምድጃው ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ንብ ሆዷ ውስጥ ከቆዳዋ ሥር ስብና ፕሮቲን የምታከማችበት ክፍል አላት፤ እንደ ጎተራም እንደ ጉበትም ያገለግላታል። እዚያ የሚሠራ «ቪቴሎጀኒን» የሚባል ፕሮቲን አለ። በሌሎች ነፍሳት ዘንድ ይህ ፕሮቲን ለእንቁላል አስኳል መሥሪያ ነው። ሠራተኛ ንብ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አትጥልም። ታዲያ ምን ያደርግላታል?

በ2006 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ግሮ አምዳም የተባለችው ኖርዌያዊት ሳይንቲስትና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ለዚህ መልስ ሰጥቷል። ቪቴሎጀኒን የበዛላት ንብ የሕዋስ ዝገትን የበለጠ ትቋቋማለች፤ ያነሰባት ደግሞ ቶሎ ትጎዳለች። ፕሮቲኑ ፍንጣሪውን ቀድሞ በራሱ ላይ ያሳርፋል። ስለዚህ ሁለት አገልግሎት አለው። ለሞግዚቷ የእጮቹ ወተት መሥሪያ ነው፤ ለራሷ ደግሞ ጋሻ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞግዚቷ ባጠባች ቁጥር ከራሷ ጋሻ ላይ ቆርሳ ትሰጣለች። ቀሳሚ የምትሆንበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ሰውነቷ ውስጥ ያለው ሆርሞን ይለወጣል፤ ቪቴሎጀኒኑም በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ እሳቱ ወደሚበዛበት ሥራ የምትወጣው ጋሻዋን ቤት ጥላ ነው ማለት ይቻላል። አውራዋ ግን ይህ ፕሮቲን አይጎድልባትም፤ አትቀስምም፤ ሌሎች ያበሏታል። የዕድሜዋን መርዘም በከፊል የሚያስረዳው ይህ ነው።

ብርድ የሚያስረዝመው ዕድሜ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በመስከረምና በጥቅምት አበባው እየጠፋ፣ ቀኑ እያጠረ ይሄዳል። የአበባ ዱቄት ሲቀንስ አውራዋ እንቁላል መጣሏን ታሳንሳለች፤ ቆይታም ታቆማለች። በዚያ ሰሞን የተወለዱት ወጣት ንቦች እንደ እህቶቻቸው የአበባ ዱቄት ይበላሉ፤ ነገር ግን የሚያጎርሱት እጭ የላቸውም። የበሉት ፕሮቲን ሆዳቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ወፍራምና ጋሻቸው ሙሉ ይሆናሉ፤ አይበሩምም።

በረዶው ሲመጣ ተጠጋግተው አንድ ድቡልቡል ይሠራሉ። መሐል ያሉት ማር እየበሉ የበረራ ጡንቻቸውን ያንቀጠቅጣሉ፤ ክንፋቸው ግን አይንቀሳቀስም። በዚህ ሙቀት ያመነጫሉ። ዳር ላይ ያሉት ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍኗቸዋል። በዚህ ሁኔታ ወራት ያልፋሉ።

ፀደይ ሲመጣና አውራዋ እንደገና እንቁላል ስትጥል፣ ከደጅ ገና በቂ አበባ የለም። የመጀመሪያዎቹን እጮች የሚያሳድገው እነዚያ አሮጊት ንቦች ስድስት ወር በሆዳቸው የያዙት ስንቅ ነው። ያንን ሰጥተው ሲጨርሱ በፍጥነት ያረጃሉ፤ ይሞታሉ። ለልጅ ልጅ ትምህርት ሲል ከጡረታው እየቆጠበ ያስቀመጠ አያት ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የእኛስ ንቦች?

አገራችን እንደ አውሮፓ ያለ የበረዶ ወቅት የላትም፤ ንቦቻችንም ወራት የሚዘልቅ ድቡልቡል አይሠሩም። ነገር ግን የረሃብ ወቅት አላቸው፤ ያውም በብዙ ቦታ ሁለት ጊዜ። አንዱ አበባው የሚደርቅበት በጋ ነው። ሌላው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ያኔ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፤ ብርዱም አለ። በደጋና በወይና ደጋ ዋናው የማር ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ነው፤ መጭ፣ ኑግና አደይ አበባ የሚፈኩበት ጊዜ። በብዙ አካባቢ ደግሞ ከትንሹ ዝናብ በኋላ በግንቦትና በሰኔ ሁለተኛ ምርት ይገኛል።

ረሃብ ሲመጣ የእኛ ንቦች ሁለት ምርጫ አላቸው። አንደኛው እጭ ማሳደግን መቀነስና ባጠራቀሙት መቆየት ነው። እጭ በሌለበት ቀፎ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ዕድሜያቸው እንደሚረዝም በሙከራ የታየ ነው። ሁለተኛው መኮብለል ነው። የአፍሪካ ንቦች ከአውሮፓዎቹ ይልቅ ቤታቸውን ጥለው ለመሄድ ፈጣን ናቸው። ረሃብ ሲጠና አውራዋ እንቁላል መጣሏን ታቆማለች፤ ሠራተኞቹ የቀረውን ማር ሆዳቸውን ሞልተው ይበላሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ተነሥተው አበባ ወዳለበት ይሄዳሉ። ባለቤቱ ሲመጣ ባዶ ቀፎ ያገኛል።

«ንቡ ሄደብኝ» የሚለው ቃል በገጠር ቤት ውስጥ ቀላል ቃል አይደለም። የደብተርና የልብስ ወጪ፣ የበዓል ጠጅ፣ ምናልባትም የአንድ ዓመት የቁጠባ ተስፋ አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ጉንዳንና የሰም እራትም ንብ ያስኮበልላሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ከቆራጩ ነው። በባህላዊው ቀፎ ማር ሲቆረጥ ሰፈፉ ከነእጩ ይወጣል፤ ጭሱ ይበዛል፤ ለንቦቹ የሚተርፍ ማር የለም። ሞግዚቶቹ የሚያጠቡት ልጅ፣ ቤቱም ስንቅ ያጣል። ከዚህ በኋላ ለመቆየት ምክንያት የላቸውም።

ስለዚህ የወቅቱን ሥርዓት ያወቀ ንብ አናቢ ጥቂት ነገሮችን ያደርጋል፤

ከቀፎው ማር ሁሉንም አይቆርጥም። ከኅዳር በኋላ በጋ፣ ከሰኔ በኋላ ክረምት መኖሩን አስቦ ስንቅ ይተዋል። እጭ ያለበትን ሰፈፍ አይነካም።

በረሃብ ወቅት ይመግባል። ስኳርና ውኃ እኩል በእኩል ተበጥብጦ ይሰጣል። ስኳሩ ግን ማገዶ ብቻ ነው፤ ጋሻ አይሆንም። ቪቴሎጀኒን የሚሠራው ከፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲኑ ደግሞ የሚገኘው ከአበባ ዱቄት ነው። ለዚህ ነው የአገራችን ንብ አናቢዎች ከስኳሩ ጋር በሶ ወይም ሽሮ ዱቄት የሚያቀርቡት። ምግቡ ግን ደጅ ላይ ተበትኖ ከተቀመጠ የሌላ ቀፎ ንቦች ይመጡና ውጊያ ይነሣል።

ውኃና ጥላ አይነፍግም። በበጋ ውኃ ፍለጋ ረጅም የምትበር ንብ ከዚያችው 800 ኪሎ ሜትር ላይ እየቀነሰች ነው።

አጥሩን አበባ ያደርጋል። ግራዋ፣ ብሳና፣ ግራር፣ ገተም፣ ባሕር ዛፍ በተለያየ ወር ያብባሉ። አንዱ ሲረግፍ ሌላው ከፈካ የረሃቡ ጊዜ ያጥራል።

ከጎረቤት ጋር ይነጋገራል። ፀረ ተባይ መድኃኒት ብዙ ንብ በአንድ ቀን ሊጨርስ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ያልገደላትም ትንሽ መጠን ግን ሰውነቷ ውስጥ የሕዋስ ዝገትን ይጨምራል፤ ዕድሜዋን ያሳጥራል። መርጨት ግድ ከሆነ አበባ ላይ ባይረጭ፣ ቢቻል ንቦች ቤታቸው ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ቢሆን፣ ለባለ ቀፎውም አስቀድሞ ቢነገረው ብዙ ንብ ይተርፋል።

ወደ ሞግዚትነት የተመለሱት አሮጊቶች

ለአያቶች ያስቀመጥነው ይኸኛውን ነው። በ2012 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ ማድረጋቸውን ይፋ አደረጉ። ቀሳሚዎቹ ደጅ ሳሉ ወጣቶቹን ሞግዚቶች ከቀፎ አወጧቸው፤ አውራዋንና እጮቹን ብቻ ተዉ። አሮጊቶቹ ቀሳሚዎች ሲመለሱ ልጆቹ ያለ አሳዳጊ ተኝተዋል።

ለተወሰኑ ቀናት ግር አላቸው። ከዚያ ከፊሎቹ ወደ መቅሰማቸው ተመለሱ። ከፊሎቹ ግን ወደ ውስጥ ገብተው እንደ ወጣትነታቸው ልጆቹን መንከባከብ ያዙ። ተመራማሪዎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሁሉንም ፈተኗቸው። ቀሳሚ ንብ ሲያረጅ አዲስ ነገር የመማር ችሎታዋ ይቀንሳል። ሞግዚት ከሆኑት አሮጊቶች ግን ግማሽ ያህሉ ችሎታቸው በግልጽ ተሻሽሎ ተገኘ። አንጎላቸውም ሲመረመር የተወሰኑ ፕሮቲኖች ተለውጠው ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ሕዋስን ከዝገት ከሚጠብቁት ወገን ነው።

ንብ ሰው አይደለችም። ከዚህ ተነሥቶ «የልጅ ልጅ ያሳደገ አያት አእምሮው አያረጅም» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ግማሾቹ ንቦችም አልተለወጡም። ነገር ግን እርጅና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ መንገድ እንዳልሆነ፣ ቢያንስ በአንዲት ትንሽ ፍጥረት፣ ታይቷል። ለውጡን ያመጣውም መድኃኒት ሳይሆን የሥራ መቀየር፣ ልጆች መካከል መመለስ ነበር። «ከእንግዲህ እኔ ለምን እጠቅማለሁ» የሚሉ አባትና እናት ቤት ውስጥ ካሉ፣ ይህን ታሪክ ንገሯቸው፤ ሕፃኑንም ከጎናቸው አስቀምጡ።

ማሩ ቤታችን ሲገባ

ስለ ዝገትና ስለ አንቲኦክሲዳንት ካነሣን አይቀር፣ ማርን በተመለከተ በየቤቱ የሚነሡ ጥቂት ጉዳዮች አሉ።

አንደኛው ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በጣት ነክቶ ማስላስም ቢሆን። በማር ውስጥ «ቦቱሊዝም» የተባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የአዋቂ አንጀት ያሸንፈዋል፤ የጨቅላ አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ ባክቴሪያው እዚያ አድጎ መርዝ ያመነጫል፤ ሕፃኑን አዝሎ መተንፈስ እስኪያቅተው ሊያደርሰው ይችላል። ማሩ ንጹሕ፣ የራስ ቀፎ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። አራስ ቤት ማር ማቅመስ ከአያት የወረስነው ፍቅር ነው፤ ፍቅሩን እንያዝ፣ ማሩን ግን ከአንደኛው ልደት በኋላ እናድርገው።

ሁለተኛው፣ ማር አንቲኦክሲዳንት አለው የሚባለው እውነት ነው፤ ከአበባው የሚመጣ ነው። ጠቆር ያለው ማር ብዙ ጊዜ ከነጣው የበለጠ ይዟል። ነገር ግን ከማር ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር ነው። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ሊዘናጋ አይገባም። ለዕድሜ ማርዘሚያ ብሎ ማር በብዛት የሚበላም ሰው ራሱን ያታልላል። ንቧ ራሷ በማር ብቻ ዕድሜ አላገኘችም።

ሦስተኛው፣ ማር ረጋ ማለት ተጭበረበረ ማለት አይደለም። አንዳንዱ አበባ ቶሎ የሚረጋ ማር ይሰጣል። ቀለሙም ጣዕሙም እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ የጥቅምት ማርና የሰኔ ማር ከአንድ ቀፎ ቢቆረጡም አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ሕፃኑ «እማማ፣ ይቺ ንብ ስንት ዓመት ትኖራለች?» ሲል መልሱ አለን። «ዓመት አትኖርም ልጄ። አሁን የአበባ ጊዜ ስለሆነ ሥራ በዝቶባታል፤ ጥቂት ሳምንት ነው ያላት። ስለዚህ አትምታት፤ ሥራዋን ትጨርስ።»